የበጋ ካምፕ ተንከባካቢዎች ክፍያ በፈረንሳይ

የከተማ ልጆችን በዕረፍት ጊዜያቸው በቡድን ወደ ገጠር መውሰድ በአውሮፓ የተጀመረው በበጎ አድራጎት ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ፓስተር ዋልተር ቢዮን 68 የድሃ ልጆችን ከዙሪክ አውጥቶ ተራራማ ወደሆነው የአፔንዜል ገጠር ወሰደ። በ1881 ፓስተር ቴዎዶር ሎሪዮና ባለቤቱ በፈረንሳይ ተመሳሳይ ሥራ ጀመሩ፤ የፓሪስ ልጆችን ለ3 ሳምንት ወደ ገጠር ይልኩ ነበር። በ1883 ኤድሞን ኮቲኔ የፓሪስ 9ኛ ወረዳ ተማሪዎችን ካምፕ አደራጀ። ልጆቹ ሲሄዱም ሲመለሱም ሚዛን ላይ ይወጡ ነበር፤ የጨመሩት ክብደት የካምፑ ፍሬ ተደርጎ ይቆጠር ነበርና።

በ1936 የፈረንሳይ ሠራተኞች የ2 ሳምንት ዓመት ዕረፍት ከነደመወዙ ሲፈቀድላቸው ማዘጋጃ ቤቶችና የሠራተኛ ማኅበራት ካምፖችን አስፋፉ፤ ልጆቹን የሚይዝ የሰው ኃይልም በብዛት ተፈለገ። በ1937 ዢዜል ደ ፋይ በኤክስ አን ፕሮቫንስ አቅራቢያ፣ በቦርኩዬይ፣ የመጀመሪያውን የተንከባካቢዎች ሥልጠና ከፈተች። በ1949 መንግሥት የምስክር ወረቀት መስጠት ጀመረ፤ በ1973 ዛሬም የሚሰጠው «ባፋ» የተባለ የምስክር ወረቀት ተካው። ይህ ወረቀት ግን ባለቤቱን ባለሙያ አያደርገውም። የሚሰጠው ሥራውን አልፎ አልፎ ለሚሠሩ፣ በአብዛኛውም ለተማሪዎች ነው።

የክፍያው ክርክር የተነሣው ከዚሁ ነው። ተንከባካቢው ልጆቹን ቀስቅሶ ቁርስ ያበላል፣ ዋና ይዟቸው ይወርዳል፣ ማታ ያስተኛል፤ ሌሊት የሚያለቅስ ልጅ ቢኖር የሚነሣው እሱ ነው። የትኛው ሰዓት ሥራ፣ የትኛው ዕረፍት እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። በግንቦት 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) የወጣው ሕግ «የትምህርታዊ አገልግሎት ውል» የሚባል ልዩ ውል ፈጥሮ ክፍያውን በሰዓት ሳይሆን በቀን አደረገው። ዝቅተኛው የቀን ክፍያ የአገሪቱ የሰዓት ደመወዝ ወለል 2.20 እጥፍ ሆነ። ምግብና መኝታ በነፃ ነው፤ በዚህ ውል በ12 ወር ውስጥ ከ80 ቀን በላይ መሥራት አይቻልም። የሥራ ሰዓትና የዕለት ዕረፍት ድንጋጌዎች ግን አይመለከቱትም ተባለ።

አንድ የሠራተኛ ማኅበር ይህን ተቃውሞ ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እነዚህም ሠራተኞች ስለሆኑ ማካካሻ ሳይሰጥ የዕለት ዕረፍታቸውን መንፈግ ከኅብረቱ ሕግ ጋር እንደማይስማማ ወሰነ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 ሕጉን አሻሻለች፤ በዕለቱ 11 ሰዓት ያላረፈ ተንከባካቢ ያጣውን ዕረፍት በሌላ ጊዜ እንዲያገኝ ተደረገ።

ውሳኔው ዕረፍትን እንጂ ገንዘብን አልነካም። የቀን ክፍያው ወለል ከፍ ያለው እ.ኤ.አ. ግንቦት 1 ቀን 2025 ሲሆን፣ ከ2.20 ወደ 4.30 እጥፍ አደገ። የሰዓት ደመወዝ ወለሉ 11.88 ዩሮ በነበረበት በዚያ ጊዜ፣ ይህ ማለት የቀን ክፍያው ከ26 ዩሮ ገደማ ወደ 51 ዩሮ ገደማ ከፍ አለ ማለት ነው። ጭማሪው እጥፍ ቢጠጋም አንድ ሙሉ የካምፕ ቀን የሚከፈልበት ከ4 ሰዓት ተኩል ባነሰ የመደበኛ ሥራ ዋጋ ነው።