ሃምሳ ዶላር የተቀጣው ሐኪም

አሜሪካ ውስጥ የሐኪሞችን ፈቃድ የሚሰጥና የሚነጥቅ አንድ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት የለም። ሥልጣኑ የየግዛቱ ቦርድ ነው። ኦሃዮ ውስጥ ስመ ጥር የሆነ ሐኪም ወንዙን ተሻግሮ ኬንታኪ ክሊኒክ ልክፈት ቢል፣ የኬንታኪን ፈቃድ ማውጣት አለበት።

ይህ ሥልጣን በሕግ የጸናው በአንድ የገጠር ሐኪም ጦስ ነው። ሰውየው ፍራንክ ዴንት ይባላል። ከ1876 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ያዙልኝ) ጀምሮ በዌስት ቨርጂኒያ ያክም ነበር። ወገኑ «ኤክሌክቲክ» ከሚባሉት፣ በዕፅዋት መድኃኒት ከሚያምኑት ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ግዛቲቱ ሕግ አወጣች። ማከም የፈለገ ሰው ቦርዱ «የተከበረ» ከሚለው ኮሌጅ ዲፕሎማ ያምጣ፤ አለዚያ ከመጋቢት 1881 በፊት ዐሥር ዓመት በግዛቲቱ ማከሙን ያስረዳ፤ ሁለቱም ከሌለው ይፈተን። ዴንት ዐሥር ዓመት አልሞላውም። የሲንሲናቲ ኤክሌክቲክ ኮሌጅ ዲፕሎማውን ይዞ ቢቀርብ ቦርዱ አልቀበልም አለው። እሱም ማከሙን አልተወም። ተከሰሰ፤ ሃምሳ ዶላርና ኪሳራ ተፈረደበት።

ለሃምሳ ዶላር ብሎ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1889 ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ረቱት። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ስቲቨን ፊልድ ሲሆኑ፣ ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ማንም የፈለገውን ሙያ መያዝ መብቱ ነው፤ ነገር ግን በሽተኛ የሐኪሙን ዕውቀት ሊመዝን ስለማይችል መንግሥት ይመዝንለት።

እውነት ነው። ጫማ ሰፊ ቢያበላሽብን እናየዋለን። ሐኪም ቢያበላሽብን ግን ላናይ እንችላለን፤ አንዳንዴም ለማየት አንቆይም። ችግሩ ሌላ ነው። ሕጉን ገፍተው ያስወጡት የግዛቲቱ መደበኛ ሐኪሞች ማኅበር ሰዎች ናቸው። እነሱና የዴንት ወገኖች የሚሻሙት ያንኑ በሽተኛ ነው። እንግዲህ «የተከበረ» የምትለዋ ቃል በማን እጅ እንደወደቀች ልብ በሉልኝ! ገበያተኛው የገበያው ዳኛ ሆነ።

ቃሏ እያደር ጉልበት አወጣች። በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር የሕክምና ትምህርት ቤቶችን መርምሮ ዘገባ አቀረበ፤ ቦርዶቹም መመዘኛቸውን አጠበቁ። ዲፕሎማ የሚቸረችሩ ብዙ ቤቶች ተዘጉ፤ እሰየው። ግን ጥቁሮችን ያስተምሩ ከነበሩት ሰባት ትምህርት ቤቶችም አምስቱ አብረው ከሰሙ። የተረፉት ሃዋርድና ሜሃሪ ብቻ ናቸው። የኛው ዶክተር መላኩ በያን በ1935 በሕክምና ተመርቆ አገሩን ለማገልገል የተመለሰው ከሃዋርድ ነው። ቆዳው ብዙውን በር በሚያዘጋበት ዘመን፣ ከሁለቱ አንዱ ባይተርፍ የት ይማር ነበር?

ዛሬ ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ተመርቆ አሜሪካ የገባ ሐኪምም ይህንኑ ወንፊት ያውቀዋል። ፈተናውን አልቃወምም፤ ዕድሜዬን የፈተና ወረቀት ሳርም የኖርኩ ሰው ምን አፍ አለኝ? የሚያንገበግበኝ ፈተናውን ካለፈ በኋላ ያለው ነው። አገሩ ዓመታት ያከመ ሰው ሆስፒታል ገብቶ እንደ ጀማሪ እንደገና ሠልጥን ይባላል፤ የሥልጠናው ቦታ ደግሞ ጠባብ ነው። ቦታ ያጣው ሐኪም ጥሩምባ እየነፋ ታክሲ ይነዳል፤ ሐኪም የጠፋበት የገጠር ወረዳ ደግሞ እዚያው አገር ውስጥ አለ።

በ2023 ቴኔሲ፣ በውጭ አገር የሠለጠነና የሠራ ሐኪም ሥልጠናውን ሳይደግም በሌሎች ክትትል ሥር በጊዜያዊ ፈቃድ እንዲያክም የሚያስችል ሕግ አወጣች። ሌሎች ግዛቶችም ተከተሏት። ፈተናው ግን አልቀረም።