ዕዳ ከሜዳ፦ ከአውጫጭኝ እስከ ክሬዲት ካርድ

በቴክሳስ፣ በዳላስና በፎርት ወርዝ ከተሞች መካከል በተንጣለለው ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዳ፣ መኪና ማቆሚያ ላይ ሒሳብ እየተቀበለ ወይም ሻንጣ እየገፋ ልጆቹን ለዩኒቨርሲቲ ያበቃ ኢትዮጵያዊ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። እንበልና ከእነዚህ ወገኖቻችን አንዱ በወሩ መጨረሻ የባንክ ስቴትመንቱን ከፍቶ ሲያይ ከአንድ የኢንተርኔት ሙዚቃና ፊልም መደብር የመጣ የ99 ሳንቲም ሒሳብ ያገኛል። ዝቅ ሲል 9 ዶላር ከ99፤ ከዚያም 49 ዶላር ከ99። ሙዚቃ አልገዛም፤ ፊልም አላወረደም። ልጆቹን ይጠይቃል፤ ‹‹እኛ አይደለንም›› ይሉታል። የአገራችን ሰው ለእንዲህ ያለው ነገር ስም አለው፤ ዕዳ ከሜዳ ይለዋል።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ አገር ህልውና በሚጻፍበት ገጽ ላይ የ99 ሳንቲም ጉዳይ ማንሳት ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከሳንቲሟ በስተጀርባ አንድ ጥንታዊ የፍትሕ ጥያቄ ተቀምጧል። ሌባው ካልተገኘ ኪሳራው በማን ጫንቃ ላይ ይወድቃል? አባቶቻችን ይህን ጥያቄ በራሳቸው መንገድ መልሰውት ነበር። አሜሪካኖችም ብዙ ከተንገላቱ በኋላ መልሰውታል። ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየቱ ለኔ እጅግ ትምህርት ሰጪ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለውን ሥርዓት አብዛኞቻችሁ ከወላጆቻችሁ ሰምታችኋል። ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በ1960ዎቹ መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝኛ ባሳተመው ልብ ወለድ ሥርዓቱን እስከነስሙ ለውጭ አንባቢ አስተዋውቆታል። ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠልና አድራጊው ሲጠፋ የአካባቢው ነዋሪ በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፣ ሰው ሁሉ ይምላል፣ በአደባባይ መመስከር የፈራ ደግሞ ‹‹ወፍ ነገረኝ›› በሚል ዘዴ በምስጢር ይጠቁማል። እርሻው ቢታረም ባይታረም፣ ከብቱ ውሃ ቢጠጣ ባይጠጣ፣ ነገሩ ሳይወጣ ወደ ቤት መመለስ የለም። ሌባው አልወጣ ካለ አገሬው አዋጥቶ የተሰረቀውን ይከፍላል። ዕዳው በእርግጥም ከሜዳ ይመጣ ነበር ማለት ነው!

ሥርዓቱን ላሞካሸው አልፈልግም። ንጹሑን ሁሉ ተጠርጣሪ ያደርጋል፤ ቂመኛው ጠላቱን የሚያስጠቁምበትም በር ነበረው። ነገር ግን የተዘረፈውን ሰው ‹‹የራስህ ጉዳይ ነው›› ብሎ አላሰናበተውም። ኪሳራውን ማኅበረሰቡ ስለሚሸከም ሌባውን ለማግኘት ሁሉም ጥቅም አለው።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱ ከዲኤፍደብሊው ጎን፣ ፎርት ወርዝ ውስጥ የሚገኘው አሜሪካን ኤርላይንስ ገና በ1934 ለደንበኞቹ በዱቤ የሚበሩበት ካርድ ጀምሮ ነበር። ደንበኛው መያዣ ገንዘብ ያስቀምጣል፣ ካርዱን አሳይቶ ይበራል፣ ኋላ ይከፍላል። በ1950 ዳይነርስ ክለብ የምግብ ቤት ካርድ ይዞ ብቅ አለ። እነዚህ ግን በሚታወቁ ሰዎች መካከል የሚደረጉ ዱቤዎች ነበሩ፤ ባለሱቁ በደብተሩ ላይ ስማችንን ጽፎ ስኳር እንደሚሰጠን ዓይነት።

ነገሩ የተበላሸው በመስከረም 1958 ነው። ባንክ ኦቭ አሜሪካ በካሊፎርኒያዋ ፍሬዝኖ ከተማ ማንም ሳይጠይቀው 60 ሺህ ያህል ካርዶችን በፖስታ ለነዋሪው ላከ። ከመቶ 4 የሚሆነው ብቻ ሳይከፍል ይቀራል ብሎ ነበር የገመተው፤ ያልከፈለው ከመቶ 22 ሆነ። ሌቦችም ካርዶቹን ከፖስታ ሳጥን እየለቀሙ ገበያ ወጡ። ባንኮች ከዚህ ይማራሉ ሲባል በ1966 የገና ሰሞን የቺካጎ ባንኮች በሚሊዮን የሚቆጠር ካርድ በተኑ። ለሕፃናትና ለሞቱ ሰዎች ሁሉ ካርድ ደረሳቸው። ካርድ እንደተላከለት እንኳ የማያውቅ ሰው ዕዳ ክፈል ተባለ።

እንግዲህ የዛሬው ሕግ የተወለደው ከዚህ ትርምስ ነው። በ1970 የአሜሪካ ምክር ቤት ያልተጠየቀ ካርድ መላክን ከለከለ፤ ካርዱ ያለፈቃዱ የተሠራበት ሰው ኃላፊነትም ከ50 ዶላር እንዳይበልጥ ወሰነ። ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን በዚያው ሕግ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት አንቀጽ ናት። ግዢው በባለካርዱ ፈቃድ መደረጉን የማስረዳት ሸክም የካርድ ሰጪው ነው ትላለች። ‹‹እኔ አይደለሁም›› ያለ ሰው አይምልም፣ ዋስ አይጠራም፤ ያስረዳ የተባለው ባንኩ ነው። አውጫጭኝን ገልብጣችሁ ብትይዙት ይህን ታገኛላችሁ።

የቀረው በ1974 ተሟላ። ያ ዓመት ለኛ ምን እንደነበረ አስታዋሽ አያስፈልገንም። በጥር ወር ዲኤፍደብሊው ለበረራ ተከፈተ፣ በመስከረም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፣ በጥቅምት 28 ደግሞ ፕሬዚዳንት ፎርድ ስለ ዱቤ ሒሳብ ስህተት የሚደነግገውን ሕግ ፈረሙ። ኋላ አብዮቱ ገፍቶ ያንን አውሮፕላን ማረፊያ የእንጀራ ገመዱ ያደረገው ስደተኛ ሳያውቀው በዚያው ዓመት ከለላ ተበጀለት ማለት ነው። ሕጉ የተሳሳተው ሒሳብ ያለበት ስቴትመንት ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ለተቃወመ ሰው አበዳሪው በ30 ቀን ደብዳቤው እንደደረሰው እንዲያሳውቅ፣ ቢበዛ በ90 ቀን ውስጥም መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። እስከዚያ ድረስ ያከራከረው ገንዘብ አይከፈልም። በጽሑፍ የሚለው ቃል ይሰመርበት። የኛ ሰው ስልክ ደውሎ ‹‹ነግሬያቸዋለሁ›› ይላል፤ የሕጉ ጥበቃ የተቆረጠለት ግን ለደብዳቤው ነው።

ታዲያ ኪሳራውን ማን ከፈለው? በኢንተርኔት ለተደረገ ግዢ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ ከሻጩ ላይ ተመልሶ ይወሰዳል። ሻጩ ደግሞ ዋጋው ላይ ይጨምረዋል። በመጨረሻ በጥሬ ገንዘብ ቡና የሚገዛው ሁሉ ሳያውቀው ያዋጣል። እንግዲህ አሜሪካኖችም ዞሮ ዞሮ የሚያዋጡት እንደኛ አገሬው ነው፤ ልዩነቱ ሜዳ ላይ ጠርተው አለማዋላቸው ነው። ወፉም አልቀረም። ዛሬ የባንክ ኮምፒዩተር ‹‹ይሄ ግዢ አላማረኝም›› ብሎ በምስጢር ይጠቁማል፤ እንደ ጥንቱ ወፍ ሁሉ አንዳንዴ ንጹሑን ያስይዛል።

እዚህ ላይ ወደሚያሳስበኝ ነጥብ እመጣለሁ። ይህ ሁሉ ጥበቃ የክሬዲት ካርድ ነው። የኛ ሰው ግን ዕዳ ይጸየፋል፤ ‹‹በራሴ ገንዘብ ልግዛ›› ብሎ ዴቢት ካርድ ይመርጣል። ጠባዩን አከብራለሁ፤ ሕጉ ግን ጨዋነቱን አልካሰለትም። ዴቢት ካርድ የሚገዛው በ1978 በወጣ ሌላ ሕግ ነው። ካርዱ ራሱ ጠፍቶ፣ መጥፋቱን ካወቀ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ካመለከተ ኃላፊነቱ 50 ዶላር፣ ከዚያ ከዘገየ እስከ 500 ዶላር ነው። ካርዱ በኪሱ ሆኖ ቁጥሩ ብቻ ከተሰረቀና ስቴትመንቱ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ካመለከተ ምንም አይከፍልም። 60 ቀኑ ካለፈ ግን ከዚያ በኋላ ለሚወጣው ገንዘብ ጣሪያ የለውም። ማስረጃ የማቅረብ ሸክሙ በዚህም ሕግ የባንኩ ነው፤ ችግሩ ገንዘቡ አስቀድሞ ከሒሳቡ መውጣቱ ነው። ባንኩ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ምርመራውን መጨረስ ወይም ገንዘቡን በጊዜያዊነት መልሶ ምርመራውን መቀጠል አለበት፤ የቤት ኪራይ ግን 10 ቀን አይጠብቅም። ሌሊት ነድቶ ቀን የሚተኛ፣ ስቴትመንቱን ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ የሚከት ሰው ለ60 ቀኑ ቅርብ ነው።

ሌቦች የሙዚቃ መደብርን ለምን ወደዱት? አፕል አይቱንስ የሚባለውን መደብር በሚያዝያ 2003 ሲከፍት አንድ ዘፈን 99 ሳንቲም ነበር። 99 ሳንቲም ማንንም አያስደነግጥም፤ የተሰረቀ ካርድ መሥራት አለመሥራቱን ለመፈተን የተመቸ ዋጋ ነው። ካርዱ አካውንቱ ውስጥ ተቀምጧል፤ ፓስወርዱን ያገኘ ሁሉ ይገዛል። ከዚያም ከባዱ ነገር መጣ፤ ሌባው ሻጭም መሆን ቻለ። በ2009 የለንደን ፖሊስ የያዛቸው ሰዎች፣ እንደ ፖሊስ መግለጫ፣ የራሳቸውን ዘፈኖች አይቱንስና አማዞን ላይ አውጥተው በተሰረቁ ካርዶች ራሳቸው እየገዙ የባለቤትነት ክፍያውን ይሰበስቡ ነበር። 750 ሺህ ዶላር ያህል የሰው ገንዘብ አውጥተው 300 ሺህ ያህሉን ኪሳቸው ከተቱ ተባለ። በሐምሌ 2010 ደግሞ የአንድ ቬትናማዊ አፕ ሠሪ መጻሕፍት በአፕል መደብር የመጻሕፍት ክፍል ከ50ዎቹ ቀዳሚዎች 42ቱን ቦታ በድንገት ያዙ። አፕል ከ150 ሚሊዮን ደንበኞቹ የ400 ያህሉ አካውንት እንደተነካ ገልጾ ሰውየውን አስወጣ። ለ150 ሚሊዮን 400 ኢምንት ነው፤ ከ400ዎቹ አንዱ ለሆነ ሰው ግን ሙሉ ነው።

ሁሉም ግን ሌብነት አይደለም። ‹‹እኛ አይደለንም›› ያሉት ልጆች ሳያውቁት ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ጊዜ ፓስወርድ ከገባ ለ15 ደቂቃ ያህል ያለጥያቄ መግዛት ይቻል ስለነበር ስንቱ ሕፃን በጨዋታ መካከል በመቶ የሚቆጠር ዶላር አጥፍቷል። አፕል በጥር 2014 ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር ተስማምቶ ለወላጆች ቢያንስ 32 ሚሊዮን ተኩል ዶላር እንዲመልስ የተደረገው በዚህ ነው። ስለዚህ ልጅ ከመቆጣት በፊት የአካውንቱን የግዢ ዝርዝር ማየት ይበጃል።

ያ ዝርዝር ሌላም ጥቅም አለው። ግዢው በራስዎ አካውንት ውስጥ ከታየ የተሰበረው አካውንቱ ነው፤ የመደብሩንም የኢሜይሉንም ፓስወርድ መቀየር፣ ካርዱን ማንሳት፣ መደብሩን ገንዘብ መልስ ማለት ያስፈልጋል። ኢሜይሉን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ሌባው የገባው ግን ብዙ ጊዜ በዚያ ነው። ግዢው በአካውንትዎ ውስጥ ከሌለ የካርድ ቁጥርዎ በማያውቁት ሰው አካውንት ላይ ተጭኗል ማለት ነው። ያኔ መደብሩ የሌላ ደንበኛ ጉዳይ ነው ብሎ አይነግርዎትም፤ በቀጥታ ወደ ባንክ ነው። መደብሩን ሳያነጋግሩ ባንክ ገንዘቡን እንዲነጥቅ ማድረግ አካውንትዎን ሊያዘጋ እንደሚችልም ይወቁ። ለዓመታት የሰበሰቡት ፊልምና ሙዚቃ ከአካውንቱ ጋር ይቆለፋል፤ በውሉ መሠረት የገዙት ፈቃድ እንጂ ንብረት አይደለምና። ዘመድ አገር ቤት ሆኖ በእርስዎ ካርድ የተከፈተ አካውንት እንዲጠቀም ማድረግ ደግሞ ‹‹ያለፈቃዴ ነው›› የሚለውን ክርክር ከእጅዎ ያወጣዋል።

ጊፍት ካርድ ሌላ ዓለም ነው። ቁጥሩን በስልክ ለሌላ ሰው ያነበበ ሰው ጥሬ ገንዘብ እንደሰጠ ይቆጠራል፤ የ1970ውም የ1978ቱም ሕግ አይደርስለትም። በጥቅምት 2016 የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ሂውስተን ላይ በ61 ሰዎችና ድርጅቶች ላይ የተመሠረተውን ክስ ይፋ ሲያደርግ፣ ሕንድ ካሉ የስልክ ማዕከላት የግብር ወይም የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ነን እያሉ ከ15 ሺህ በላይ ሰዎችን እንዳጭበረበሩ ተገልጿል። ‹‹ኢሚግሬሽን›› የሚለው ቃል በኛ ቤት ምን እንደሚያደርግ ለማንም አልነግርም።

የታክሲ ነጂው ነገር ደግሞ ሌላ ገጽ አለው፤ እሱ ራሱ ሻጭ ነው። ተሳፋሪ ካርዱን ከፍሎ ከርሞ ‹‹እዚያ ታክሲ ውስጥ አልገባሁም›› ቢል ያ ባለካርዱን የጠበቀው ሕግ አሁን በሱ ላይ ይዞራል። ከጥቅምት 2015 ወዲህ ቺፕ የሚያነብ መሣሪያ የሌለው ነጋዴ በተጭበረበረ ካርድ የተከፈለውን ኪሳራ ራሱ እንዲሸከም የካርድ ድርጅቶቹ ደንብ አውጥተዋል። ደረሰኝ፣ ሰዓትና የተነሳበት ተርሚናል ያልተጻፈበት ጉዞ መከራከሪያ የለውም።

ወደ አገር ቤት ስንመለከት ቴሌብር በ2021፣ ኤም-ፔሳ በ2023 ሥራ ጀምረዋል፤ ገንዘብ በስልክ መያዝ የከተሜ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ብሔራዊ ባንክም በ2020 የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ መመሪያ አውጥቷል። ገንዘቡ ከስልኩ የወጣበት የደብረ ማርቆስ ገበሬ ‹‹እኔ አይደለሁም›› ሲል ማስረጃ የሚያቀርበው እሱ ይሁን ወይስ ድርጅቱ? በአሜሪካ ይህ የተወሰነው ከፍሬዝኖ ካርዶች 12 ዓመት በኋላ ነው። የሕግ ምሁሮቻችን አውጫጭኝንም የ1970ውን አንቀጽም ያውቃሉና፣ ያንን ያህል ዓመት ሳይፈጅ ቢጽፉበት ለማንበብ የመጀመሪያው እኔ ነኝ።