ስለ ዕንጨት መዓዛ

መድኃኒታችን ያደገው በጸራቢ ቤት ነውና፥ ስለ አናጢ ቤት ሽታ መናገር ለዚህ ገጽ አንባቢዎች የማይገባ ነገር አይመስለኝም።

በወላይታ ምዕራብ፥ የኦሞ ወንዝ ከዳውሮ በሚለየው በኪንዶ ዲዳዬ አገር፥ ሃላሌ የምትባል ከተማ አለች። በዚያ በአንድ አናጢ ቤት ደጃፍ ቆሜ ሳለሁ፥ ባለቤቱ ሽማግሌ «ዓይንዎን ይጨፍኑና ያሽትቱ» ብለው ከመላጊያው ሥር የወደቀውን ልጣጭ በየተራ ወደ አፍንጫዬ አቀረቡልኝ። የመጀመሪያው ወዲያው ታወቀኝ፤ በልጅነታችን እርሳስ ስንቀርጽ የሚሸተን ሽታ ነው፤ ጥድ ነበረ። ሁለተኛውን ያወቅሁት ከዕንጨቱ ይልቅ ከጢሱ ትዝታ ነው፤ እናቶቻችን የወተቱን ዕቃና የጠላውን ጋን የሚያጥኑበት ወይራ ነበረ። ሦስተኛው ዋንዛ ሽታው ለስላሳ ነው፤ ከበሮ የሚፈለፈልበት መሆኑን ባላውቅ ኖሮ አልለየውም ነበር። በአራተኛው ግን አፈርሁ። «ይህስ ምንም አይሸትም» ብል፥ «ዝግባ ነው» ብለው ሳቁብኝ።

ያፈርሁበትም ምክንያት ይህ ነው። በመዝሙር 91 ጻድቅ በሊባኖስ ዝግባ ይመሰላል፤ ሰሎሞንም ከኪራም አስመጥቶ ቤተ መቅደሱን የሠራበት ይኸው የሊባኖስ ዛፍ ነው። የሊባኖሱ ዛፍ መዓዛው የታወቀ ነው፤ የእኛ ዝግባ ግን ሽታ የለውም፤ ነቀዝና ምስጥም ይደፍሩታል። የቀደሙት ተርጓሚዎች ስሙን የሰጡት ስለ ቁመቱና ስለ ግርማው ይመስለኛል፤ በዚያስ አልተሳሳቱም። አፍንጫ ቢጠየቅ ግን ለሊባኖሱ ዛፍ የሚቀርበው የአገራችን ጥድ ነው። ነጋዴዎችም የምሥራቅ አፍሪካን ጥድ «የእርሳስ ሴዳር» ብለው በሊባኖሱ ዛፍ ስም ይጠሩታል፤ ከኬንያም እየተሰነጠቀ ለእርሳስ ሥራ ወደ ውጭ አገር ይላክ ነበር።

ይህ ሽታ ደግሞ ለጌጥ ብቻ የተሰጠ አይደለም። በጥድ ልብ ውስጥ ያለው ዘይት ለእኛ መዓዛ ሲሆን ለምስጥና ለነቀዝ የሚያስጠላ ነው። የሚሸተን ነገር ጠባቂው ነው ማለት ነው። የኦሪት ዘጸአት ግእዙ ስለ ታቦቱ ሲናገር የማይነቅዝ ዕንጨት ይላል፤ ከዕብራይስጡ የተመለሰው አማርኛ ግን ግራር ብሎ ዛፉን በስሙ ይጠራዋል። የግእዙ ንባብ ለአናጢ ጆሮ ይስማማል፤ አናጢ ከስሙ አስቀድሞ ይነቅዝ እንደሆነ ይጠይቃልና። በውዳሴ ማርያም ዘእሑድ እመቤታችን በዚያች በማትነቅዝ ታቦት መመሰሏንም ካህናት ያውቃሉ።

ወላይታ በጦርነት ተይዛ ንጉሧ ካዎ ጦና የተማረኩት በ1887 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዘመን ባሕር ዛፍ ከአውስትራልያ መጥቶ በአዲስ አበባ ይተከል ጀመረ፤ በእንጦጦና በአካባቢው የነበረው ጥድ ለቤትና ለማገዶ እየተቆረጠ አልቆ ነበርና። የዕንጨቱም ችግር እስከዚያ ደርሶ ዐፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ጀምረው ነበር፤ በኋላ አሳቡ ሲቀር ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንጻ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባሕር ዛፍ ከተማዋን አዳናት ቢባል ሐሰት አይደለም። በጥቂት ዓመት ለምሰሶና ለማገር ይደርሳል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ጥድ ግን አባት ተክሎት የልጅ ልጅ የሚቆርጠው ዛፍ ነው።

ይሁን እንጂ የባሕር ዛፍ ሽታ የሚያታልል ነው። ዘይቱ የሚበዛው በቅጠሉ ነው፤ ግንዱ ሲደርቅ ሽታው ይጠፋል፤ ምስጥም መሬት በነካው በኩል ይገባበታል። ዛሬ በሃላሌ አናጢ ቤት ውስጥ የሚበዛው ሰጋቱራ (ቃሉ ከጣልያን የመጣ ነው) የዚሁ የባሕር ዛፍ ነው። ጥድ በብዛት የቀረው በየአገሩ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፤ የመቅደሱ ወጋግራ ሲያረጅም ጭንቁ ከዚያ ይነሣል። ከቅጥሩ ጥድ ይቆረጥን? ወይስ በየጥቂት ዓመቱ የሚለወጥ ባሕር ዛፍ ይገዛ? በአንድ ደብር የቅጥሩን ጥላ የተከሉት አባቶች መቃብር በዚያው ጥላ ሥር ሆኖ ሳለ እንዲህ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፤ በሁለቱም ወገን የነበሩት ቤተ ክርስቲያኑን የሚወዱ ሰዎች ነበሩ።

ሽማግሌው አናጢ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ አንድ የጥድ ግንድ በግድግዳው ሥር አስደግፈው አኑረዋል። ላዩ በጢስ ጠቁሯል። መላጊያውን ሁለት ጊዜ ቢያሳልፉበት መዓዛው ቤቱን ሞላው። ስለ ምን እንደማይሸጡት ብጠይቃቸው፥ ለመንበረ ታቦት የሚሆን ዕንጨት የሚፈልግ ካህን አንድ ቀን ይመጣል ብለው እንደሆነ ነገሩኝ።