ዝሆኑን የጨረሰው የትኛው ጥይት ነው?

ቦሌ ኤርፖርት ላይ ረዘም ያለ የጠመንጃ ሳጥን ይዘው የሚወርዱ ጥቂት የውጭ አገር ሰዎች አሉ። ፈቃድ ያላቸው አዳኞች ናቸው። የጠመንጃው ስሪትና ካሊበር፣ መለያ ቁጥሩ፣ የጥይቱም ብዛት ይመዘገባል፤ ከዚያ ጉዞው ብዙውን ጊዜ ወደ አርሲና ባሌ ደጋ ነው፣ ኒያላ ፍለጋ። የእነዚህ ሰዎች ፎቶ ፌስቡክ ላይ በወጣ ቁጥር «በዚህ መድፍ በሚያክል ጠመንጃ እንስሳቱን ጨረሷቸው» የሚል ቁጣ ይከተላል። እንስሳቱ ማለቃቸው እውነት ነው። በተለይ ዝሆን አልቋል። የጨረሰው ጠመንጃ ግን ይሄኛው አይደለም፤ ታሪኩ ሌላ ነው።

በፈረንጆቹ 1861 እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር፣ በኋላ ሚስቱ ከሆነችው ከፍሎረንስ ጋር፣ የዓባይን ገባሮች ሊያጠና ወደ አትባራ፣ ሰቲትና አንገረብ ወንዞች መጣ። ከያዛቸው ጠመንጃዎች አንዱ የታወቀ ጉድ ነበር። ክብደቱ ዘጠኝ ኪሎ ገደማ፣ የሚተፋው አረር ደግሞ ግማሽ ፓውንድ፣ ማለትም ከ220 ግራም በላይ ነበር። ዛሬ ለዝሆን ከሚመረጡት ከባድ አረሮች ሰባት እጥፍ መሆኑ ነው። አብረውት የነበሩት አረቦች «የመድፍ ልጅ» የሚል ስም አወጡለት። ሲተኮስ ተኳሹን ራሱን ስለሚያሽከረክረው ቤከር ደፍሮ የሚተኩሰው እምብዛም ነበር። አጠገቡ የነበሩት የሐምራን አዳኞች ግን በፈረስ ዝሆኑን ያባርሩና ከኋላው ወርደው የእግሩን ጅማት በሰይፍ ይቆርጡ ነበር። ማን ደፋር እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ቤከር ይህን ያህል አረር የተሸከመው ለጉራ አልነበረም። የዘመኑ ጥቁር ባሩድ አረርን በጣም ማፍጠን አይችልም። እርሳስም ለስላሳ ነው፤ ወፍራም አጥንት ሲያገኝ ይጠፈጠፋል። ፍጥነቱ ካልጨመረ፣ አረሩም ካልጠነከረ፣ የቀረው ክብደት መጨመር ብቻ ነው። ቤከር እርሳሱን ለማጠንከር ባዜቃ ይቀላቅልበት ነበር። «ለትልቅ አውሬ ትልቅ ጥይት» የሚለው እምነት የመጣው ከዚህ ችግር ነው።

ከዚያ ሰናድር መጣ። የናፒየር ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲወጣ የያዘው ይህንኑ ነው፤ ሰናድር ለመጀመሪያ ጊዜ በጦርነት የተተኮሰውም አሮጌ ላይ ነው። የአፈሙዙ ስፋት 14.7 ሚሊ ሜትር፣ አረሩም 31 ግራም ነበር። ቀጥሎ ውጅግራ ደረሰ፤ ስሙ ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» የተወረሰ፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ አረሩ 25 ግራም። ሁለቱም የተሠሩት ለሰው ነው፤ ለዝሆን የታሰቡ አልነበሩም። ይሁንና ኢትዮጵያ ውስጥ ዝሆን ላይ የዞሩት እነዚህ የወታደር ጠመንጃዎች ናቸው።

የነገሩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ የሚገዙት በምን ነበር? በወርቅ፣ በዝባድና በዝሆን ጥርስ። ገጣሚነቱን ትቶ ነጋዴ የሆነው አርተር ራምቦ በፈረንጆቹ 1887 ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ እንጦጦ የደረሰው ይህን ገበያ አምኖ ነው። ከተገደለ ዝሆን አንዱ ጥርስ ለንጉሡ፣ ሌላው ለገዳዩ ነበር። ጥርሱ ጠመንጃ ይገዛል፤ ጠመንጃው ሌላ ዝሆን ይጥላል፤ የዚያ ጥርስ ደግሞ ሌላ ጠመንጃ ያመጣል። ዓድዋ ላይ የጮኸው ነፍጥ በከፊል የደቡብና የምዕራብ ዝሆኖች ዋጋ ነው። ይህን ማለት የዓድዋን ክብር አይቀንስም። ግን ሂሳቡን የከፈለው ማን እንደሆነ ሲነገር አይሰማም።

ውጅግራ ዝሆንን በአንድ ጥይት መጣል ይከብደዋል፤ እርሳሱ ራስ ቅል ላይ ጉልበቱን ይጨርሳል። ስለዚህ በብዛት ይተኮሳል። ከወደቀው ሌላ ቆስሎ ጫካ ውስጥ የሚሞት፣ ወይም ቆስሎ ሰው የሚገድል ዝሆን ይኖራል።

ከ1900 በኋላ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለት ነው፣ ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል በዛሬዋ ጋምቤላ፣ በጊሎ ወንዝ ዙሪያ ለጥርስ ሲያድን ይህን ሁሉ እምነት ገለበጠው። በሕይወቱ ከሺህ በላይ ዝሆን ገድሏል፤ አብዛኛውን የጣለው በ7 ሚሊ ሜትር ማውዘር ነው። የቤል አረር 11 ግራም ብቻ ነበር፣ የውጅግራን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ውጅግራ በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ሲበር የቤል ወደ 700 ይጠጋል፤ ስለዚህ የሁለቱ ጉልበት ብዙ አይራራቅም። ልዩነቱ ያለው አረሩ ላይ ነው። የቤል ጥይት ጫፉ ድረስ በጠንካራ ብረት የተለበጠ፣ ቀጭንና ረጅም ነበር፤ ሳይጠፈጠፍና ሳይጣመም አጥንቱን በስቶ ይዘልቃል። ቤል ደግሞ የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ ሰንጥቆ አንጎሉ የት እንዳለ ያጠና ሰው ነበር።

ብዙዎች ከቤል የወሰዱት ትምህርት «ትንሽ ጥይት ይበቃል» የሚለውን ነው። አደገኛው ትምህርት ይህ ነው። ለቤል የበቃው ጥይቱ ሳይሆን እጁና ዕውቀቱ ነው። የቅኝ ገዥዎቹ ሕጎች፣ በኋላም ብዙ የአፍሪካ አገሮች፣ ለዝሆንና ለጎሽ ዝቅተኛ ካሊበር የወሰኑት ለዚህ ነው፤ ታንዛኒያን ጨምሮ በብዙ ቦታ መነሻው 0.375 ኢንች ነው። በዚህ ካሊበር የሚታወቀው የሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ጥይት በፈረንጆቹ 1912 የወጣ ሲሆን የተለመደው አረሩ 19 ግራም ነው። በ1956 የመጣው 0.458 ደግሞ 32 ግራም ይተኩሳል፤ ከሰናድር ክብደት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ ጉልበቱ ግን ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ዓላማው ቀላል ነው፦ እጁ የሳተ አዳኝ እንስሳውን አቁስሎ እንዳይሰድድ። ከአዳኙ ኋላ ቁስለኛውን ጎሽ ተከትሎ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚገባው ያገሬው ስካውት ነውና።

ለኒያላ ነገሩ ይለያል። በ10 ሳንቲም ላይ የምናየው ይህ የደጋ አጋዘን ለሳይንስ የታወቀውም በጥይት ነው፤ ሻለቃ ኢቮር በክስተን በፈረንጆቹ 1908 ገድሎት ከሁለት ዓመት በኋላ ስም ወጣለት። ወንዱ 300 ኪሎ ሊደርስ ቢችልም ቆዳው ስስ ነው። ለዝሆን የሚሆነው ድፍን አረር በስቶት ያልፍና ቆስሎ ይሮጣል፤ ስለዚህ ሥጋ ውስጥ ሲገባ የሚፈነዳ ሳይሆን እንደ እንጉዳይ የሚከፈት አረር ይመረጣል። የጥይት ምርጫ ማለት ይህ ነው፤ ካሊበሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም።

እና ዛሬ ዝሆን የሚገድለው ምንድን ነው? ክላሽ። አረሩ 8 ግራም ነው፣ ከቤል እንኳ ያነሰ፤ ፍጥነቱ ቢመጣጠንም ያንን አጥንት በእርግጠኝነት ለመብሳት የተሠራ አይደለም። እንደ ውጅግራ ዘመን በብዛት ይተኮሳል። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የተበተነው መሣሪያ ወደ ፓርኮቹም ገብቷል። በግንቦት 2012 ዓ.ም. ማጎ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በአንድ ቀን ስድስት ዝሆኖች መገደላቸውን መንግሥት አስታውቋል፤ ጥርሳቸው ተወስዶ ነበር። የመሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 የወጣው በዚያው ዓመት ነው።

ቦሌ ላይ የጠመንጃ ሳጥኑን የሚከፍተው ጉምሩክ፣ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተነስተው ወደ እስያ ከሚተላለፉ መንገደኞች ሻንጣ የዝሆን ጥርስ ሲይዝ ኖሯል። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ አበባ ላይ ያቃጠለው የተያዘ ጥርስ 6.1 ቶን ነበር። ከዚያ ክምር ውስጥ በ0.375 የተገደለ ዝሆን ጥርስ ስንት እንደነበር የመረመረ የለም፤ ሊሆን የሚችለው ግን እጅግ ጥቂት ነው። በቦሌ የሚገባው ጠመንጃ ቁጥሩ ተመዝግቦ ከነጥይቱ ቆጠራ ተመልሶ ይወጣል። ማጎ ውስጥ የሚተኮሰውን ክላሽ የቆጠረው የለም።