ያልታመኑ ምስክሮች

መብረቅ ከደመና ወደ ምድር እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን። ከደመናው በላይ፣ በጠራው ሰማይ ላይ ብርሃን ሲወጣ አየሁ የሚል ሰው ግን ለረጅም ዘመን የሚያምነው አላገኘም።

እ.ኤ.አ. በ1886 «ኔቸር» የተባለው የሳይንስ መጽሔት እንዲህ ያለ የዓይን እማኝ ቃል አትሞ ነበር። በ1925 ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሲ. ቲ. አር. ዊልሰን ከነጎድጓድ ደመና በላይ ባለው ስስ አየር ውስጥ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊፈጠር እንደሚችል አመለከተ። ከዚያም በኋላ ቢሆን፣ ያዩትን የተናገሩ የአውሮፕላን አብራሪዎች ቃል ከወሬ ያለፈ ክብደት አላገኘም።

ማስረጃው የተገኘው በአጋጣሚ ነው። በጁላይ 1989 የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲው ጆን ዊንክለርና ባልደረቦቹ ለሮኬት ምርምር ያሰናዱትን፣ በጨለማ የሚያይ ካሜራ ሲሞክሩ፣ ከሩቅ ወጀብ በላይ የተነሡ ሁለት ግዙፍ ብልጭታዎች ተቀርጸው አገኙ። ዛሬ «ስፕራይት» የሚባለው ይህ ብርሃን ቀይ ነው፤ እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ይደርሳል፤ ዕድሜው ግን ከዓይን ጥቅሻ ያጥራል።

በጁፒተርም መብረቅ እንዳለ በ1979 ቮያጀር 1 አረጋግጣ ነበር። ታዲያ ከዚያ መብረቅ በላይስ ምን ይኖር ይሆን? በ2016 ጁፒተር ዘንድ የደረሰችው ጁኖ፣ የዋልታ ብርሃንን እንድታጠና በተሠራላት የአልትራቫዮሌት መሣሪያ 11 ብልጭታዎችን መዘገበች። በአማካይ የቆዩት 1.4 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ከፍታቸውም መብረቅ ከሚወለድበት ስፍራ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ፕላኔቷ በሃይድሮጂን የተሞላች ስለሆነች ቀለማቸው ሰማያዊ ወይም ሮዝ ሳይሆን አይቀርም። ሆኖም መሣሪያው ከበታች ያለውን መብረቅ አብሮ ስላላየ፣ ሮሂኒ ጃይልስና ባልደረቦቿ በ2020 ግኝቱን ሲያሳትሙ ብልጭታዎቹ በምድር ከሚታዩት ጋር ይመሳሰላሉ ከማለት አላለፉም።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ማስረጃ ስጠይቅ እውላለሁ። አንድ ቀን አንዲት እናት የሟች ባላቸውን ገንዘብ ሊያወጡ መጡ። ሰነዳቸው የተሟላ አልነበረም። እውነት እንደሚናገሩ ከፊታቸው አነበብሁ፤ ነገር ግን «ወረቀቱን ይዘው ይምጡ፣ እማማ» አልኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ፤ ተመልሰው ሲመጡም አላየሁም።

ደንቡ ትክክል እንደ ነበር ዛሬም አምናለሁ። የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ ስማቸውን ሳልይዝ፣ ወረቀቱ ከወዴት እንደሚገኝ ሳልነግራቸው፣ ቀጣዩን ባለ ተራ መጥራቴ ነው።

የ1886ቱ መጽሔትም በእጁ ማስረጃ አልነበረውም። የተመልካቹን ቃል ግን ጽፎ አቆየ። ካሜራው እስኪደርስ 103 ዓመት ፈጅቷል።