ቀን ያልሆነው «ዴት»

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንላለን። የሶፍትዌር ክላስን ስም ግን የሚያወጣው የቸኮለ ፕሮግራመር ነው። ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ነው።

ጃቫን እንይ። ሰን ማይክሮሲስተምስ የመጀመሪያውን ጃቫ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲለቅ በውስጡ «ዴት» የሚባል ክላስ ነበር። ዴት ማለት ቀን ነው። ክላሱ የሚይዘው ግን ቀን ሳይሆን ቅጽበት ነው፦ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ የተቆጠረ የሚሊሰከንድ ብዛት። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በአንዷ ቅጽበት ቶኪዮ ማክሰኞ ሲሆን ሎስ አንጀለስ ገና ሰኞ ነው። ስሙን አምኖ የሰው ልደት በዴት ያስቀመጠ ፕሮግራመር፣ የኮምፒውተሩ የሰዓት ክልል ሲቀየር ልደቱ በአንድ ቀን ሸሽቶ ሊያገኘው ይችላል።

በ1997 ማስተካከያ ተሞከረ። ብዙዎቹ የዴት ሜተዶች «ይቅሩ» ተባሉና «ካሌንደር» የሚባል ክላስ መጣ። እሱም ቢሆን የዘመን መቁጠሪያ አልነበረም፤ የሰዓት ክልል የተጨመረበት ቅጽበት ነው። ለዳታቤዝ ደግሞ ሌላ «ዴት» ተጨመረ። አንድ ስም፣ ሁለት ክላስ!

«ስም ምን ያደርጋል? ማብራሪያው አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። የዴት ማብራሪያ ገና ከመነሻው ቅጽበት መሆኑን ይናገራል። ችግሩ፣ ማብራሪያውን የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው፤ ስሙን ግን ሁሉም ያነባል።

መፍትሔው የመጣው በማርች 2014 ከጃቫ 8 ጋር ነው። ጆዳ-ታይም የተባለውን ላይብረሪ የሠራው ስቲቨን ኮልቦርን ከመሪዎቹ አንዱ ነበር። ቅጽበት «ኢንስታንት» ተባለ፤ የሰዓት ክልል የሌለው ቀን «ሎካልዴት»፤ ክልል ያለው ቀንና ሰዓት «ዞንድዴትታይም»። አሁን ስሙ ራሱ «የትኛውን ነው የፈለግኸው?» ብሎ ይጠይቃል። አሮጌው ዴት ግን ብዙ ፕሮግራም ስለተደገፈበት እስከ ዛሬ አልወጣም።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ሦስት ሰዓት እንገናኝ» ስንባል «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ብለን እናጣራለን። ጆዳ-ታይም የኢትዮጵያን አቆጣጠር ጭምር ያካተተው፣ «ቀን» ብቻ ማለት እንደማይበቃ ስለተረዳ ይመስለኛል።

ስለዚህ ክላስ ስትሰይሙ ያንኑ ጥያቄ አስቀድሙ። «ዳታ»፣ «ማናጀር»፣ «ኢንፎ» ብሎ ማለፍ ለዛሬ ይቀላል። ጃቫ ግን ለአንድ ልቅ ስም 18 ዓመት ከፍላለች።