ባሕር የሌላት ወደብ

የወንጀል ምርመራ ልቦለድ ባነበብሁ ቁጥር ሐሳቤ ወደ ሁለት ከተሞች ይሄዳል። አንደኛዋ በደቡብ እንግሊዝ በባሕር ዳርቻ የምትገኘው ቶርኪ ናት፤ ሁለተኛዋ ከባሕር እጅግ የራቀችው የቆላ ከተማ መተማ። ምን አገናኛቸው ይል ይሆናል አንባቢ። የሚያገናኛቸው እንግዳ ነው።

አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1890 ቶርኪ ተወለደች፤ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜም ልቧ ከዚያች ምድር አልራቀም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ በከተማው አዳራሽ በተቋቋመው ሆስፒታል ቁስለኞችን አስታመመች፤ ኋላም በመድኃኒት ክፍል ስትሠራ የመርዝን ጠባይ ተማረች። ለልቦለዷ መርማሪ ስትፈልግ ግን ዓይኗ ያረፈው በ1914 ጀርመን አገራቸውን ስትወር ሸሽተው ቶርኪ በሰፈሩት ቤልጂጋውያን ላይ ነበር። ሄርኩል ፕዋሮ ከእነርሱ መካከል ተፈጠረ፤ በ1920 በታተመው የመጀመሪያ ልቦለዷም ከአንባቢ ጋር ተዋወቀ። እኔን የሚደንቀኝ ይህ ምርጫዋ ነው። በትንሽ ከተማ ዕቃ ሲጠፋ ወይም ሰው ሲሞት አስቀድሞ የሚጠረጠረው መጤው ነው። እርሷ ግን መጤውን ምስጢር ፈቺ አደረገችው።

መተማስ? ከሱዳኗ ገላባት የሚለያት ድልድይ የተዘረጋበት አንድ ትንሽ ወንዝ ብቻ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ቡናና ሰም፣ ጥጥና፣ በዚያ ክፉ ልማድ፣ ሰው ጭምር የሚሸጥባት ታላቅ ገበያ ነበረች፤ ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ የመጡ ተክሩሮች ኖረውባታል። ባሕር የሌላት ወደብ ብላት ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

ምስጢርም አላጣችም። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ፣ ድል ወደ እርሳቸው ባዘነበለበት ሰዓት በጥይት ቆሰሉ። ከመሞታቸው በፊትም የወንድማቸው ልጅ ሲባል የኖረውን መንገሻን ልጄ ነው ብለው ተናገሩ። ንጉሥ ልጁን እስከዚያች ሰዓት ስለ ምን ይሰውራል? አስከሬናቸውን ይዞ የሚመለሰው ወገን በአትባራ ወንዝ አጠገብ ተደረሰበት፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ከድልድዩ ወዲህ ያለችው ከተማ ዛሬም መተማ ዮሐንስ ትባላለች።

እንዲህ ያለ ታሪክ ከማዶ የሚመጣውን ሁሉ በጥርጣሬ እንድናይ ይገፋፋናል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲቀሰቀስ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በመተማ በኩል ተሻግረው ገቡ፤ ኩመርና አውላላ በተባሉ ጣቢያዎችም ሰፈሩ። ይሁን እንጂ ያገኙት ጥላ አልቀዘቀዘላቸውም። አገሬው ራሱ በጦርነትና በእገታ ይንገላታ ነበር፤ ስደተኞቹም ዘረፋና ጥቃት ቢበረታባቸው በ2016 ዓ.ም. ብዙዎቹ አውላላን ጥለው በእግራቸው ወጡ።

ላነበው የምመኘው ልቦለድ ከዚህ ይነሣል። በሰሊጥ ወቅት፣ በመተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ሰው ሞቶ ይገኛል። ጣት ሁሉ ወደ ስደተኞቹ ይቀሰራል። ከእነርሱ መካከል ግን በካርቱም መድኃኒት ቀማሚ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ የሟቹን ከንፈር አይተው ዝም ይላሉ። አገሬው የማያየውን ያዩት እንግዳ ስለሆኑ ነው። ቢናገሩ ማን ያምናቸዋል? የልቦለዱ ጭንቅ ይህ ይሆናል፤ የእኛም ጭንቅ እርሱ ነው።

ይህን የሚጽፍ የዚያ አገር ልጅ ቢነሣ፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለማንበብ ተራ ከሚይዙት አንዱ እኔ ነኝ።